ለጥቂት ያልሄዱት

ስቲቭ አይዘርማን ሊሸጥ ነበር።

ይህን ያወቅኩት ዘግይቼ ነው፤ ሳውቅም ትንሽ ከፋኝ። ሙሉ ዘመናቸውን ባንድ ክለብ ስለጨረሱ የበረዶ ሆኪ ተጫዋቾች ወሬ ሲነሳ እኔ መጀመሪያ የምጠራው እሱን ነዋ። ዲትሮይት ሬድ ዊንግስ፣ 19 ቁጥር፣ ከ1983 እስከ 2006። 1,514 ጨዋታ። ሌላ ማሊያ የሚባል ነገር የለም። በ21 ዓመቱ አምበል አደረጉት፤ ጫማውን እስኪሰቅል ድረስ አምበል ነበር። (ዓመቶቹንም ወሮቹንም በሙሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው፣ እንዳይምታታባችሁ።) እንዲህ ያለ ሰው ስሙ ገበያ ወጥቶ ነበር ሲባል ማን ያምናል?

ነገሩ በ1995 ነው። ዲትሮይት ስታንሊ ካፕን፣ የሊጉን ዋንጫ፣ ካነሳ 40 ዓመት ሞልቶታል። በዚያ ዓመት ፍጻሜ ደረሱ፤ ኒው ጀርሲ ዴቭልስ አራት ጨዋታ በተከታታይ አሸንፎ ባዶ እጃቸውን ሸኛቸው። አሰልጣኙ ስኮቲ ቦውማን ናቸው፤ ዋንጫ የለመዱ፣ ለኮከብም ለተራም ፊት የማይሰጡ ሰው። ብዙም ሳይቆይ አይዘርማን ወደ ኦታዋ ሊሄድ ነው የሚል ወሬ ተነሳ። ኦታዋ! ያኔ የሊጉ ጭራ ላይ የተቀመጠ ቡድን። አዲሱ የውድድር ዓመት ተከፍቶ በሜዳቸው የመጀመሪያ ጨዋታ ላይ ተጫዋቾቹ አንድ በአንድ ሲተዋወቁ፣ የአይዘርማን ስም ሲጠራ ሕዝቡ ብድግ አለ፤ ጭብጨባው አላባራ አለ። ቦውማን ሲጠሩ ደግሞ ሌላ ዓይነት ድምፅ ተሰማ። ምን ዓይነት እንደሆነ ትገምታላችሁ።

ዝውውሩ ቀረ። ከሁለት ዓመት በኋላ ዲትሮይት ዋንጫውን ሲያነሳ መጀመሪያ የተቀበለው እሱ ነው።

ዛሬ አይዘርማንን የታማኝነት ምሳሌ አድርገን እናወራዋለን። እኔም አወራለሁ። ግን እስቲ አስቡት፤ ያኔ አንድ ስልክ ተደውሎ ከወዲያ ማዶ አንድ ሰው «እሺ፣ ተስማምተናል» ቢል ኖሮ ታማኝነቱ የት ይገባ ነበር? ሰውየው ያው ነው፣ ጠባዩም ያው ነው። መዝገቡ ላይ ግን ሁለት ክለብ ይጻፋል፤ እኛም ስለ ሌላ ሰው እናወራለን።

ከዚያ ወዲህ ታማኝነት የሚለውን ቃል ስሰማ ጥርጣሬ ይገባኛል። ተጫዋች ባንድ ክለብ የሚጨርሰው እሱ ስለፈለገ ብቻ አይደለም። ክለቡም መፈለግ አለበት፤ ያውም አንዴ ሳይሆን በየጥቂት ዓመቱ፣ ውል ባለቀ ቁጥር፣ አሰልጣኝ በተቀየረ ቁጥር፣ ቡድኑ በተሸነፈ ቁጥር። ሃያ ዓመት ሙሉ ሁለቱም ወገን «እንቀጥል» ማለት አለበት። አንዱ አንድ ቀን ካመነታ አለቀ። ዌይን ግሬትዝኪ እንኳ ተሽጧል! ኤድመንተንን በአምስት ዓመት ውስጥ ለአራተኛ ጊዜ ሻምፒዮን ባደረገበት በ1988፣ ዋንጫው ገና ሳይቀዘቅዝ፣ ነሐሴ ላይ ወደ ሎስ አንጀለስ ሰደዱት። ግሬትዝኪ ከተሸጠ ማን ነው የማይሸጠው?

ድሮ ደግሞ ጭራሽ ምርጫ የሚባል ነገር አልነበረም። እስከ 1967 ድረስ የሰሜን አሜሪካው ታላቅ ሊግ፣ ኤን ኤች ኤል፣ ስድስት ቡድን ብቻ ነበረው። ውሉ ተጫዋቹን ከክለቡ ጋር ያስረዋል። ካልለቀቁህ የትም አትሄድም፤ ከሸጡህ ደግሞ ሻንጣህን ታዘጋጃለህ። አሌክስ ዴልቬኪዮ በዲትሮይት 24 የውድድር ዓመት ተጫወተ፣ 1,550 ጨዋታ። ሰውየውን አከብረዋለሁ። ግን በዚያ ዘመን «ልሂድ» ማለት እችላለሁ ብሎ ያሰበ ተጫዋች ምን እንደደረሰበት ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ እዚያው የዴልቬኪዮ መልበሻ ክፍል ውስጥ ቴድ ሊንዚ ነበረ። ሊንዚ በ1957 የተጫዋቾች ማኅበር ለማቋቋም ጓደኞቹን ማስተባበር ጀመረ። በዚያው ዓመት 85 ነጥብ (ያገባውና ያመቻቸው ግብ ተደምሮ) አስመዝግቧል፣ በሕይወቱ ከፍተኛው ነው። በዚያው ዓመት ወደ ቺካጎ አባረሩት። ሌላ ቃል የለኝም፤ አባረሩት ነው። ዛሬ ተጫዋቾቹ ራሳቸው መርጠው ለዓመቱ ኮከብ የሚሰጡት ሽልማት በሱ ስም ይጠራል።

ስለዚህ የድሮውን ቁጥር ከዛሬው ጋር አንድ ላይ ደርድሮ «ድሮ ሰው ታማኝ ነበር፣ ዛሬ ገንዘብ አበላሸው» የሚል ሰው ሲገጥመኝ ደሜ ይፈላል። በሩ ተቆልፎብህ ቤት ማደርና በሩ ተከፍቶልህ ቤት ማደር አንድ ነው እንዴ?

በዚህ ላይ የዣን ቤሊቮ ታሪክ አለ፣ እሱ ደግሞ ያስቃል። ቤሊቮ ሙሉ የኤን ኤች ኤል ዘመኑን በሞንትሪያል ካናዲያንስ ነው ያሳለፈው፤ በተጫዋችነት ብቻ አሥር ስታንሊ ካፕ አንስቷል። የሞንትሪያል ልብ ማለት እሱ ነው። መጀመሪያ ላይ ግን መምጣት አልፈለገም! በኩቤክ ከተማ ይጫወት ነበር፣ ሕዝቡ ይወደዋል፣ ኑሮው ተመችቶታል። እዚያ የሚጫወትበት ሊግ አማተር ስለነበር ሞንትሪያል የያዘው የፕሮፌሽናል መብት አይሠራበትም። ታዲያ ምን አደረጉ? በ1953 ሊጉን ገዙት። ሙሉውን ሊግ። ገዝተው ፕሮፌሽናል ነው ብለው አወጁ፤ ቤሊቮ መሄጃ አጣና ፈረመ። አንድ ሰው ለማግኘት ሊግ መግዛት! የአንድ ክለብ ሰው ብለን የምንዘምርለት ተጫዋች መጀመሪያ ታማኝ የነበረው ለሌላ ክለብ ነው።

ወደ ቅርቡ ዘመን ስንመጣ ደግሞ ጆ ሳኪክ አለ። የሱ ክለብ እንኳ ባለበት አልቆየም፤ ከኩቤክ ተነስቶ በ1995 ዴንቨር ገብቶ ኮሎራዶ አቫላንች ሆነ። ሳኪክ አብሮ ተጓዘ፣ በአዲሱ ከተማ በመጀመሪያው ዓመት ዋንጫ አነሳ። በ1997 ውሉ ሲያልቅ ኒው ዮርክ ሬንጀርስ መጡ። የሦስት ዓመት፣ 21 ሚሊዮን ዶላር። ሳኪክ ምን አለ? ፈረመ። አዎ፣ ፈረመ። በሊጉ ሕግ የቀድሞ ክለቡ ያንኑ ገንዘብ በሰባት ቀን ውስጥ ካቀረበ ተጫዋቹን ማስቀረት ይችላል፤ ኮሎራዶ አቀረበ፣ ሳኪክም ቀረ። እስከ 2009 እዚያው ተጫወተ፣ በኋላም የክለቡ ኃላፊ ሆኖ በ2022 ሌላ ዋንጫ አመጣላቸው። ዴንቨር ውስጥ ስሙ ከክለቡ ስም ተለይቶ አይጠራም። ይህ ሁሉ ግን አንድ ጊዜ እጁ ኒው ዮርክ ብሎ ከፈረመ በኋላ ነው።

ሳኪክን ለመውቀስ አይደለም ይህን ማንሳቴ። እንዲያውም ይበልጥ ወደድኩት። ሰው ነው፤ ገንዘብ ሲመጣ ያያል።

አሁን ወደ አይዘርማን ልመለስ፣ ምክንያቱም የመቆየት ዋጋ ምን እንደሆነ ከሱ በላይ የሚያሳይ የለም። ወጣት እያለ ግብ አምራች ነበር። በ1988–89 ብቻ 65 ግብ፣ በጠቅላላው 155 ነጥብ። እነዚህ ቁጥሮች ቀልድ አይደሉም። ቦውማን መጥተው ግን ሌላ ነገር ፈለጉ፦ ወደ ኋላ ተመለስ፣ ተከላከል፣ የሌላውን ኮከብ ዝም አሰኝ። በ30 ዓመትህ፣ አምበል ሆነህ፣ ስምህ በግብ ታውቆ፣ «እስካሁን ያደረግከውን ተው» ስትባል ምን ትላለህ? ብዙ ሰው ውሉን አስቀድዶ ይሄዳል። እሱ ተማረ። ነጥቡ ቀነሰ፣ ዋንጫ መጣ፤ በ1997፣ በ1998፣ በ2002። በ2000 ደግሞ በመከላከል ለተካነ ምርጥ አጥቂ የሚሰጠውን ሽልማት ወሰደ። ያ የ65 ግብ ልጅና ይህ ሰውዬ አንድ ሰው አይመስሉም። ማሊያው ብቻ ነው ያልተለወጠው።

ከሁሉ በላይ ግን ደጋግሜ የማየው የ1998ቱን ቪዲዮ ነው። ነገሩ ከዓመት በፊት ይጀምራል። ዲትሮይት በ1997 ዋንጫውን ባነሳ በስድስተኛው ቀን ተከላካያቸው ቭላዲሚር ኮንስታንቲኖቭ ከግብዣ ሲመለስ የተሳፈረበት ሊሞዚን አደጋ ደረሰበት፤ ጭንቅላቱ ክፉኛ ተጎዳ፣ ከዚያ በኋላ በረዶ ላይ አልቆመም። በቀጣዩ ዓመት ዲትሮይት ዋሽንግተንን አሸንፎ ዋንጫውን ደገመ። አይዘርማን ከሊጉ ኮሚሽነር እጅ ተቀበለ። አምበል ዋንጫ ሲቀበል ምን እንደሚያደርግ ታውቃላችሁ፤ ወደ ላይ ያነሳል፣ ይጮኻል፣ ሜዳውን ይዞራል። እሱ ግን ኮንስታንቲኖቭን በተሽከርካሪ ወንበር ወደ በረዶው አምጥተውት ነበርና ዋንጫውን ወስዶ ጭኑ ላይ አስቀመጠለት። ከዚያ ሁሉም ወንበሩን እየገፉ ዞሩ። ስንቴ እንዳየሁት አልቆጠርኩም፣ እስካሁንም አንጀቴን ይበላዋል። እንዲህ ያለው ነገር በሁለት ዓመት ውል ከመጣ ሰው አይጠበቅም ልል ነበር፤ ግን እሱም ውሸት ነው፣ ደግ ሰው የትም ደግ ነው። ቢሆንም ያ ሰውዬ ያንን መልበሻ ክፍል ለ15 ዓመት ያውቀው ነበር። ያ ይታያል።

ዲትሮይት ላይ ይህን ያህል መቆየቴ ያለ ምክንያት አይደለም። ከአይዘርማንና ከዴልቬኪዮ ቀጥሎ ሦስተኛው ደግሞ ኒክላስ ሊድስትሮም ነው። ስዊድናዊ፣ በ1989 ምልመላ ላይ 53ኛ የተጠራ፣ ማለትም 52 ስም ከሱ በፊት ተጠርቷል። ሃያ ዓመት፣ 1,564 ጨዋታ፣ ሰባት ጊዜ የሊጉ ምርጥ ተከላካይ። በ2012 ሲያቆም ባንድ ክለብ ብቻ ተጫውቶ ከሱ በላይ ጨዋታ ያደረገ ሰው አልነበረም። ስለሱ የሚወራ ድራማ የለም። ልሂድ አላለም፣ ሂድ አላሉትም። እንዲህ ዓይነትም አለ።

ገንዘቡን ሳላነሳ ባልፍ ግን ነገሩን ማድበስበስ ይሆናል። ከ2005 ጀምሮ ሊጉ የደሞዝ ጣሪያ አለው፤ አንድ ክለብ ለተጫዋቾቹ ሁሉ ከዚህ በላይ አይከፍልም የሚል። መጀመሪያ 39 ሚሊዮን ዶላር ነበር፣ በ2025–26 ደግሞ 95.5 ሚሊዮን ደረሰ። በዚያው ጊዜ ተጫዋቹ በነጻነት ክለብ የሚመርጥበት ዕድሜም ከ31 ወደ 27 ወረደ። ሁለቱን አንድ ላይ ስታዩአቸው መቆየት ለምን እንደከበደ ይገባችኋል። ተጫዋቹ ቶሎ ነጻ ይወጣል፤ ክለቡ ደግሞ ቢወደውም የሚከፍለው ላይኖረው ይችላል። ስቲቨን ስታምኮስ በታምፓ 16 ዓመት ተጫውቶ፣ አምበል ሆኖ ሁለት ዋንጫ አንስቶ፣ በ2024 ናሽቪል ገባ። ብራድ ማርሻንድ የቦስተን አምበል እያለ በመጋቢት 2025 ወደ ፍሎሪዳ ተሸጠ፣ ከሦስት ወር በኋላ ዋንጫ አነሳ። ለዓመታት አብሮት የተጫወተው ፓትሪስ በርዠሮን ግን በ2023 እዚያው ቦስተን ጫማውን ሰቀለ። ከሁለቱ አንዱ ይበልጥ ቦስተንን ይወዳል ብሎ የሚከራከር ካለ እኔ የለሁበትም።

እና ሲድኒ ክሮስቢ። ፒትስበርግ ፔንግዊንስ፣ 87 ቁጥር። የተወለደው በስምንተኛው ወር በሰባተኛው ቀን በ87 ዓ.ም. ነው፤ ሰውየው ይህን ቁጥር ይወደዋል። በ2012 የ12 ዓመት ውል ሲፈርም በዓመት 8.7 ሚሊዮን ሆኖ የሚቆጠር ነበር። መስከረም 2024 ላይ አዲስ ውል ፈረመ፤ ስንት? 8.7 ሚሊዮን። በዚያው ወር የኤድመንተኑ ሊዮን ድራይሳይትል በዓመት 14 ሚሊዮን ፈርሟል። ጣሪያው በብዙ ከፍ ብሎ ሳለ የሱ ዋጋ እዚያው ቆመ። ቡድኑ ደግሞ ያኔ አርጅቶ ነበር፣ ከ2023 እስከ 2025 ጥሎ ማለፉን መግባት አቅቶት ነበር፣ «ወጥተህ ሌላ ዋንጫ ፈልግ» የሚሉት ስፍር ቁጥር አልነበራቸውም። አልወጣም። እዚህ ላይ ቅድም ያልኩትን ላጥፍ ትንሽ ቀረኝ፤ ይህ ታማኝነት ካልሆነ ምንድን ነው?

ግን ክሮስቢ ይህን ከየት አመጣው ብላችሁ ብትጠይቁ መልሱ ማሪዮ ለሚዩ ነው። የለሚዩን ነገር በአጭሩ ማውራት ይከብዳል። በ1984 የመጀመሪያ ጨዋታው፣ ገና መጀመሪያ ሜዳ በገባበት ቅጽበት፣ ከቦስተኑ ታላቅ ተከላካይ ከሬይ ቦርክ ፓኩን ነጠቀና አገባ። መጀመሪያ የመታው ኳስ ነው (ኳስ አልኩ፤ ልማድ ነው፣ ፓክ በሉት)። በጥር 1993 ካንሰር እንዳለበት ተነገረው። መጋቢት 2 ቀን ጠዋት የመጨረሻውን የጨረር ሕክምና ወስዶ፣ አውሮፕላን ተሳፍሮ ፊላደልፊያ ሄዶ፣ ማታ ተጫውቶ ግብ አገባ። ፊላደልፊያ ለፒትስበርግ ተጫዋች አያጨበጭብም፤ ያን ቀን ቆሞ አጨበጨበ። በዚያ ዓመት በ60 ጨዋታ 160 ነጥብ ሰብስቦ የሊጉ አንደኛ ሆነ።

በ1997 አቆመ። በቀጣዩ ዓመት ክለቡ ከሰረ፤ ለለሚዩ ብቻ ያልተከፈለ በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ዶላር ነበረበት። ዕዳ የሚጠይቅ ሰው ወረፋ ይዞ ይቆማል። እሱ ዕዳውን በድርሻ ቀየረና በ1999 ክለቡን ገዛው። ፒትስበርግ ቡድኑን ያላጣው በዚህ ነው። ከዚያ ደግሞ ታኅሣሥ 2000 ላይ ራሱ ተመልሶ መጫወት ጀመረ፤ የክለቡ ባለቤትም ተጫዋችም ሆኖ። ለክብሩ ጣሪያ ላይ ተሰቅሎ የነበረው 66 ቁጥር ማሊያ ወረደ፣ ጨዋታው በተጀመረ በ33ኛው ሰከንድ ግብ አመቻቸ። ወጣቱ ክሮስቢ በ2005 ሲመጣ የት አደረ? ለሚዩ ቤት። ከልጆቹ ጋር። እንግዲህ በባለቤቱ ቤት ራት እየበላህ አድገህ ውል ሲመጣ ደሞዝ ልትከራከር ነው?

በተቃራኒው ሬይ ቦርክ ሄደ። ያ ለሚዩ ፓክ የነጠቀው ቦርክ። ቦስተን 21ኛ ዓመቱን ሊጨርስ ሲል፣ ዋንጫ ሳያገኝ፣ ልቀቁኝ አለ፤ በመጋቢት 2000 ኮሎራዶ ገባ። በ2001 ሰባተኛው የፍጻሜ ጨዋታ ተሸነፉም አሸነፉም የመጨረሻው ነበር፣ 40 ዓመቱ ነው። አሸነፉ። አምበሉ ሳኪክ ዋንጫውን ተቀበለ፤ ከራሱ በላይ ሳያነሳው፣ ሳይስመው፣ ዞሮ ለቦርክ ሰጠው። (ያ ከአራት ዓመት በፊት ኒው ዮርክ የፈረመው ሳኪክ ነው፣ አትርሱ።) ቦርክ ዋንጫውን ይዞ ቦስተን ሄደ፤ ከተማው አደባባይ ወጥቶ ተቀበለው። በሌላ ክለብ ማሊያ የተገኘ ዋንጫ! ቦስተኖች የተዋቸውን ሰው ይቅር አሉት ማለት ልክ አይደለም፤ ከመጀመሪያውም አልተቀየሙትም። ከሱ በፊት ቦቢ ኦርን አጥተዋል፤ ኦር በ1976 ወደ ቺካጎ ሲሄድ ቦስተን የክለቡን 18.5 በመቶ ድርሻ አቅርቦለት እንደነበር ወኪሉ አልነገረውም። የክለቡ ባለድርሻ ሊሆን የሚችል ሰው ባለማወቅ ሄደ።

ሰው ክለቡን ሳይለቅ ክለቡ ሰውን ሲለቅስ? የሼን ዶን ነገር ያሳዝነኛል። በ1995 ዊኒፔግ መለመለው፣ በዓመቱ ቡድኑ ጠቅልሎ ወደ ፊኒክስ በረሃ ሄደ። አብሮ ሄደ። 2009 ላይ ክለቡ ከሰረ፣ ሊጉ ራሱ ለዓመታት አስተዳደረው፤ ዛሬ ይሄዳል ነገ ይሄዳል ሲባል ዶን አምበል ሆኖ ቆመ። በ2012 ነጻ ተጫዋች ሲሆን ትልልቅ ክለቦች ፈልገውታል፤ ተመልሶ እዚያው ፈረመ። 21 ዓመት፣ 1,540 ጨዋታ፣ አንድም ዋንጫ የለም፣ ፍጻሜም አልደረሰም። በ2017 ክለቡ አዲስ ውል አንሰጥህም አለው። በቃ። ሌላ ቦታ ከመሄድ ማቆምን መረጠ። 19 ቁጥሩን በ2019 ሰቀሉለት፤ የተሰቀለበትን አዳራሽ ክለቡ በ2022 ለቆ ወጣ፤ በ2024 ደግሞ ቡድኑ ራሱ ተነስቶ ሶልት ሌክ ሲቲ ገባ። ሁሉም ሄደ፣ ያልሄደው ሰውየው ብቻ ነው።

አሁን መቁጠር ስጀምር ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ሄንሪክ ሉንድክቪስት፣ የኒው ዮርክ ሬንጀርስ ግብ ጠባቂ፣ 15 ዓመት፣ 459 ድል፣ መዝገቡ ላይ አንድ ክለብ ብቻ። ንጹሕ። ግን በ2020 ሬንጀርስ ቀሪ ውሉን ከፍለው አሰናበቱት፣ እሱም ዋሽንግተን ፈረመ። ሳይጫወት በምርመራ የልብ ችግር ተገኘበት፣ ጥር 2021 ላይ ልቡ ተከፍቶ ታከመ፣ ከዚያ በኋላ አልተመለሰም። መዝገቡን ንጹሕ ያደረገው ሐኪም ነው። ዳንኤል አልፍሬድሶን ደግሞ ኦታዋ 17 ዓመት ተጫውቶ፣ ለአንድ ዓመት ዲትሮይት ሄዶ፣ በ2014 የአንድ ቀን ውል ፈርሞ ኦታዋ ተመለሰና በዚያው ቀን ጫማውን ሰቀለ። የአንድ ቀን ውል! ወረቀት ነው፣ ግን ይገባኛል። እኔም ብሆን አደርገዋለሁ።

ማርቲን ብሮዱርስ? ኒው ጀርሲ ዴቭልስ፣ 1,259 ጨዋታ በግብ ጠባቂነት፣ ሦስት ዋንጫ፣ በስታዲየማቸው ደጃፍ ሐውልቱ ቆሟል። ከዚያ 42 ዓመቱ ላይ ሴንት ሉዊስ ሄዶ ሰባት ጨዋታ ተጫወተ። ሰባት። በሕጉ መሠረት የአንድ ክለብ ሰው አይደለም፤ ዝርዝር ያወጣ ሁሉ ይሰርዘዋል። የቡድን ጓደኛው ተከላካዩ ኬን ዳኔይኮ ግን ዝርዝሩ ላይ አለ፦ 1,283 ጨዋታ፣ 36 ግብ፣ ሁሉም በኒው ጀርሲ። በ2003 ፍጻሜ ስድስቱን ጨዋታ ከውጭ ሆኖ አይቶ በሰባተኛው ቀን አሰልጣኙ «ልበስ» አሉት፤ ገባ፣ 3 ለ 0 አሸነፉ፣ ያ የመጨረሻ ጨዋታው ሆነ። ከኋላው ግቡ ላይ ቆሞ የነበረው ብሮዱር ነው።

እኔ ስቆጥር ሁለቱንም እቆጥራለሁ። የሴንት ሉዊሱን ሰባት ጨዋታ እዘለዋለሁ። ማንም ካየኝ አላውቅም እላለሁ።